ቀኑ ያለፈበት ዋስትና

ኤይኖ ካንጋስ ደረሰኙን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ በመዳፉ ዳበሰው። ሦስት ሳምንት በኪስ ቦርሳው ሲመላለስ የከረመ ወረቀት ስለሆነ እጥፋቱ እንቢ አለው። ስልኩን ከነካርቶኑ አጠገቡ አስቀምጦታል። ሻጯ ጂንሲ ወረቀቱን አንብባ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች፣ ጥቂት ነካካችና ቀና አለች።

ስልኩ ቢበላሽ የሚሸፍነው ዋስትና የሚገዛው ስልኩ በተሸጠ በስድሳ ቀን ውስጥ እንደሆነ ነገረችው። የተሸጠው ኦክቶበር ዘጠኝ ነው። ስድሳው ቀን ዲሴምበር ስምንት ላይ አልቋል፤ ዛሬ ደግሞ ጃንዋሪ አሥራ ስምንት ነው።

ኤይኖ አልደነገጠም። ልጅቷ የተሳሳተች መስሎታል። ወጥ ቤቱ ውስጥ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ከገና ዋዜማ፣ ከዲሴምበር ሃያ አራት ጀምሮ ቆጥሮ፣ ስድሳኛው ቀን ላይ በእርሳስ ክብ አስምሮበት ነው የመጣው። በእሱ ቆጠራ ገና ከወር በላይ ይቀረዋል።

«የተሰጠኝ በገና ዋዜማ ነው» አላት።

«የተሰጠዎትን ቀን ኮምፒውተሩ አያውቀውም፣ አባቴ። እሱ የሚያውቀው የተሸጠበትን ነው።»

«ገናን ካላወቀማ ምኑን አወቀው?» አለ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ የተቀመጠው ታውኖ። ታውኖ የኤይኖ ጎረቤት ነው፤ ከሐይቁ ዳር እስከ ተንደር ቤይ ከተማ በፒክአፑ ያመጣውም እሱ ነው።

ስልኩን የገዛችው የኤይኖ ሚስት አይሊ ነበረች። አይሊ የገና ስጦታ በኦክቶበር፣ የዛፉ ቅጠል ረግፎ ሳያልቅ ገዝታና ጠቅልላ የምትጨርስ ሴት ነበረች። በዲሴምበር ሱቅ ለሱቅ የሚጋፋውን ሰው ሁሉ ቤቱን ማስተዳደር ያልቻለ ትለዋለች። የጠቀለለችውን በሳውናው፣ በእንፋሎት መታጠቢያው፣ መልበሻ ክፍል ውስጥ ከፎጣዎቹ ሥር ትደብቃለች። ኤይኖ በየቅዳሜው ፎጣ ሊያወጣ ሲገባ ጥቅሎቹን ያያል፤ እንዳላየም ይሆናል። አርባ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ። ስጦታ የሚከፈተው በገና ዋዜማ፣ መቃብር ላይ ሻማ ተለኩሶ፣ ሳውና ተገብቶ፣ እራት ከተበላ በኋላ ነው። አያቶቻቸው ከፊንላንድ ወደ ካናዳ ሲመጡ ይዘውት የመጡት ሥርዓት ስለሆነ በእሱ ላይ ክርክር ተነስቶ አያውቅም።

በኖቬምበር መጀመሪያ አንድ ጠዋት የአይሊ ልብ ቀጥ አለ።

ልጃቸው ማሪታ ለቀብር ከኦታዋ መጥታ ለእንግዳ ፎጣ ስትፈልግ የአባቷ ስም የተጻፈበት ጥቅል እጇ ገባ። ክፈተው አለችው፤ ምን እንደሆነ እንወቅ። ኤይኖ ገና አልደረሰም ብሎ መልሶ ከፎጣው ሥር አስገባው። ማሪታ አለቀሰች። እሱ ግን ሊከፍተው እጁ እሺ አላለውም። አይሊ በሕይወት ሳለች የማያደርገውን፣ ስለሞተች ሊያደርገው ነውር መሰለው። እንዲህ ሆኖ ስልኩ እንደተጠቀለለ ስድሳው ቀን አለቀ።

በዋዜማው ማታ ሻማውን ለእሷ ለኮሰ፣ ሳውናውን ብቻውን ገባ፣ እራቱን በላና የጥቅሉን ወረቀት ቀደደ። ካርቶኑ ላይ ደረሰኙ ተያይዟል። በደረሰኙ ጥግ በአይሊ እጅ «ዋስትናው፦ ሲከፍተው» ተብሎ ተጽፏል። ዋስትናውን የዚያኑ ዕለት ብትገዛው ኖሮ የየወሩ ሂሳብ በፖስታ ቤት ይመጣ ነበር፤ ፖስታ የሚከፍተው ደግሞ ኤይኖ ስለሆነ ስጦታው ይታወቅባት ነበር። እሷም እንደ እሱ ቀኑ የሚቆጠረው ወረቀቱ ሲቀደድ ይመስላት ነበር።

ያለ ዋስትና ስልክ ገዝታለት አታውቅም፤ ሲበላሽ ጉዳዩን የምትጨርሰውም እሷ ነበረች። ዓሣ ሊያጠምድ በሐይቁ በረዶ ላይ በበሳው ቀዳዳ አንዱ ሰጥሞበታል፤ አንዱ የጣሪያ በረዶ ሲጠርግ አብሮ ወርዷል፤ ሦስተኛውን የመኪናው ኮፈን ላይ ረስቶ ራሱ ነድቶበታል። ስለዚህ አዲሱ ስልክ ከገና ወዲህ ከካርቶኑ አልወጣም። ማሪታ የምትደውለው በቤቱ መደበኛ ስልክ ነው፤ ሐይቁ ላይ ወይም ጣሪያ ላይ ሲሆን የሚያነሳ የለም። ባለፈው ሳምንት መሮኛል አለችው። ወይ ስልኩን ይዘህ ውጣ፣ ወይ ቤቱን ሽጠህ ኦታዋ እኔ ጋ ግባ። ዋስትናውን ልግዛና ይዤው እወጣለሁ ብሎ ቃል ገባላት።

ጂንሲ ደረሰኙ ጥግ ላይ ያለው የማን ጽሑፍ እንደሆነ ጠየቀችው። ሲነግራት ወረቀቱን ወደ እሱ መለሰችለት። ከዚያ አንድ መንገድ አለ አለች። ቀኑ ላለፈበት ሰው፣ ስልኩ እንከን እንደሌለው ተመርምሮ ዋናው ቢሮ ከፈቀደ ይሸጥለታል። ስልኩን ከካርቶኑ አውጥታ የመስታወቱን ስስ ላስቲክ በጥፍሯ ላጠች፤ መብራት ሥር ወዲያና ወዲህ እያዘነበለች አራቱንም ጎን ፎቶ አነሳች።

«እጮኛውን እንደሚመርጥ ሰው ነው እኮ የምታያት» አለ ታውኖ።

ጂንሲ ቢሮው ጋ ደውላ ጥቂት ካወራች በኋላ መነጋገሪያውን ለኤይኖ አቀበለችው። የቢሮው ሰው የዘገዩበትን ምክንያት ከራሳቸው መስማት አለብኝ ብሏል አለችው።

«የገዛችው ባለቤቴ ነች» አለ ኤይኖ። «ሞተች። እስከ ገና መክፈት አልቻልኩም።»

ከኖቬምበር ወዲህ «ሞተች» የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር። እስካሁን ሰዎች ይሉለታል፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። አሁን መልኩን ለማያውቀው ሰው በሱቅ መሃል ተናገረው። በወዲያኛው በኩል የኮምፒውተር ቁልፍ ሰሌዳ ሲንኳኳ ተሰማ፤ ሰውየው አዝናለሁ አለና ተፈቅዷል አለ።

ደንቡ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ያዛል። ኤይኖ ብዕሩን ይዞ አዳመጠ። የወደቀ፣ ውሃ የገባበት፣ የተጨፈለቀ፣ ሁሉም ተጠቅሷል። ደስ አለው። ቀጥሎ ስለ መተካት የሚለውን ስታነብ አስቆማት።

«ይሄኛውስ?»

«ይሄኛው ወደ እነሱ ይመለሳል። በምትኩ ሌላ በሁለት ቀን ይላክልዎታል።»

«ጠግነው አይመልሱልኝም?»

«ይጠግኑታል፤ ግን ለሌላ ሰው ነው የሚሰጡት።»

ኤይኖ ስልኩን ተመለከተው። ልጣጩ አጠገቡ ተጠቅልሎ ወድቋል።

«ፈርምና እንሂድ እንጂ» አለ ታውኖ። «ዓይነቱ ያው፣ ቀለሙ ያው።»

«ያው አይደለም።»

«አንተ ደግሞ! እንኳን ስልክ፣ መጥረቢያም አንተ እጅ ላይ አይበረክት። ስትሰብረው ምን ልትሆን ነው?»

«የተሰበረው ይኖረኛላ።»

ኤይኖ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አጋደመና ጂንሲን በከንቱ ስላደከማት ይቅርታ ጠየቃት። እሷ ሻጭ በሰለጠነበት መንገድ አልተከራከረችውም። ፈቃዱ እስከ ማታ እንደሚቆይ ብቻ ነገረችውና ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገችው። እሱ ግን ሌላ ነገር ለመናት፤ የድሮ ቁጥሩን አዲሱ ላይ እንድታስገባለት። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀባት።

ውጭ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ታውኖ መኪናውን ሲያሞቅ ኤይኖ ጓንቱን አውልቆ ለማሪታ ደወለ። ጣቱ ወፍራም ስለሆነ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳተ።

«ተቀበሉህ?» አለችው።

«ተቀብለውኝ ነበር። እኔ ነኝ የተውኩት።»

ኤይኖ ኦታዋን ልታነሳ ነው ብሎ ጠበቀ።

«ታዲያ ካርቶኑ ውስጥ ሊቀር ነው፣ አባዬ?»

«የምደውልልሽ በእሱ እኮ ነው።»

አፍንጫዋን ስትስብ ሰማት።

«አሁን ወደ ቤት ነህ?»

«ከሰዓት ሐይቁ ላይ ነኝ። ሲጨልም ደውይልኝ፤ አነሳለሁ።»

ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ የኪሱን ቁልፍ ቆለፈ፤ ከላዩ ካፖርቱን ደርቦ ወደ መኪናው ገባ። ታውኖ ማርሽ አስገባ። ካርቶኑን ጂንሲ ባንኮኒ ላይ እንደረሳው ትዝ ያለው ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ ነው፤ እንመለስ አላለም።