ለጳጉሜን ስድስት የተላኩ ሽማግሌዎች

በነሐሴ የመጨረሻው እሁድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከማልወደው አስፈሪ ፊልም ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ተልከው ቤታችን መጡ። በሩን የከፈተችላቸው እናቴ ናት። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ጥፍሬን እየቆረጥኩ ነበር።

ገና ሳያቸው አወቅኳቸው። ፊልሙ «አንድ እርምጃ» ይባላል። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ሽማግሌዎቹም ጥቁርና ነጭ ነበሩ፤ ካፖርታቸው፣ ከዘራቸው፣ ጫማቸው ላይ ያለው ጭቃ ሳይቀር። ሲናገሩ መጀመሪያ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ አማርኛው ይከተላል። ሦስቱም የሚያወሩት በአንድ ድምፅ ነው። ፊልሙን ወደ አማርኛ የመለሰው ሰውዬ የወንዱንም፣ የሴቱንም፣ የውሻውንም ድምፅ ብቻውን ነው የሠራው።

ለምን እንደመጡ እንዲገባችሁ ስለ ዝርዝሬ መናገር አለብኝ። አዳማ ውስጥ ትንሽ የፊልም ሱቅ አለኝ። ድሮ ሲዲ አከራይ ነበር፤ አሁን ሰው ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ እኔ እጭንለታለሁ። በየዓመቱ ነሐሴ ሲያልቅ የምወዳቸውን አምስት አስፈሪ ፊልሞች በወረቀት ጽፌ ሱቄ በር ላይ እለጥፋለሁ። አምስት የሆኑት ጳጉሜን አምስት ቀን ስለሆነች ነው። በእያንዳንዱ ቀን አንዱን አያለሁ፣ አዲሱን ዓመት ንጹሕ ሆኜ እቀበላለሁ። ሌላው ሰው ጠበል ይሄዳል፤ የእኔ ይኼ ነው። ዘንድሮ ግን ዘመኑ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን ስድስት ነች። ለስድስተኛዋ ቀን የሚመጥን ፊልም ስላላገኘሁ መስመሯን ባዶ ትቼ ለጠፍኩት።

አንደኛዬ «ዘጠነኛው ፎቅ» ነው። ስምንት ፎቅ ብቻ ባለው ሕንፃ ውስጥ ሊፍቱ ዘጠነኛ ላይ ይቆማል። በሩ ሲከፈት ሰዎቹ የሆነ ነገር ያያሉ፤ እኛ የምናየው የእነሱን ፊት ብቻ ነው። ደም ካልተረጨ ሰው የማይፈራ የሚመስላቸው ፊልም ሠሪዎች ቁጭ ብለው ሊማሩበት ይገባል። ሁለተኛው «እንግዳው አልሄደም» ነው። አንድ ሰው ለአንድ ቀን እንግድነት ይመጣል፣ ባለቤቶቹን ይሉኝታ ይይዛቸውና ሂድ አይሉትም፣ ሠላሳ ዓመት ያልፋል። የሰው አገር ሰዎች እንዲህ ዓይነት ፊልም እንዴት ሊሠሩ እንደቻሉ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከቀሩት ሦስቱ አንዱ ውስጥ የውሃ ታንከር አለ፣ አንዱ ውስጥ ጥርስ አለ፣ የመጨረሻው አንድም አሻንጉሊት የማይታይበት የአሻንጉሊት ፊልም ነው።

«አንድ እርምጃ»ን ግን ሱቄ ገብቶ የጠየቀኝን ሁሉ «ተወው፣ ጊዜህን ይበላል» ብዬ ነው የምመልሰው። ታሪኩ አጭር ነው። ጃንጥላ የያዘ ሰውዬ ከአንድ ቤት ትይዩ ይቆማል። ሲራመድ አይታይም፤ ነገር ግን ባየነው ቁጥር አንድ እርምጃ ቀርቦ እናገኘዋለን። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። በስድሳ አንደኛው ደቂቃ የበሩ ደፍ ላይ ይደርሳል። በሩ ክፍት ነው። እሱ ግን ግባ እስኪሉት ይጠብቃል፣ ማንም ግባ አይለውም፣ ፊልሙ ያልቃል። ይኼ ስንፍና ነው።

ደግሞ ማንም የማያውቀውን ልንገራችሁ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ደንግጬ አላውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት አስፈሪ ፊልም የማሳድደው አንድ ቀን አንዱ ያስደነግጠኛል ብዬ ነው። ሌሎች ሲጮኹ፣ ወንበር ሲጨብጡ፣ ከዚያ እርስ በርስ ተያይተው ሲስቁ አያለሁ፤ በጣም እቀናለሁ።

እናቴ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሽማግሌዎቹን አይታ ነጠላዋን አስተካከለች። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። እሷ ይህ በር በሦስት ሽማግሌ ሲንኳኳ ለመስማት አሥራ አንድ ዓመት ጠብቃለች። ቀለማቸው ምንም አልመሰላትም።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለቻቸው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ትልቁ። «የመጣነው ስለ ልጃችን ነው። ጨዋ ነው። ያልጠሩት ቤት አይገባም።»

«ሰጥቻለሁ» አለች እናቴ።

በወጉ ቢሆን ተመካክረን እንንገራችሁ ብላ መመለስ፣ ሌላ ቀን መቅጠር፣ በሦስተኛው ምልልስ እሺ ማለት ነበረባት። ይህን እናቴ አሳምራ ታውቃለች፤ ለሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ስታስተምር የኖረችው እሷ ናት። የራሷ ተራ ሲደርስ ግን አፏ ቀደማት።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትልቁ ካፖርታቸውን ጎተት አድርገው ነገሩን በዝርዝር አስረዱ። የመጡት ለጳጉሜን ስድስት ነበር። በዝርዝሬ ላይ ባዶ መስመር መኖሩን ሰምተው፣ ልጃቸው እንዲገባበት ሊለምኑ ነው። ሆኖም የተሰጣቸው ከለመኑት በላይ ነው፤ የተሰጠን መመለስ ደግሞ ነውር ነው። ይህን ብለው ተቀመጡ። ከዚያም በአንድ ድምፅ፣ ተራ በተራ፣ ሦስት ጊዜ መረቁን።

እናቴን ወደ ጓዳ ጠርቼ ልጃችን የሚሉት ጃንጥላ የያዘው የፊልሙ ሰውዬ መሆኑን ነገርኳት። ሥራው ምንድን ነው አለችኝ። መቆም ነው አልኳት።

«ታጋሽ ነው ማለት ነው» አለች።

ቃሏን ማጠፍ እንደማትችል ገባኝ። እናቴን በሽማግሌ ፊት ማሳፈር አልፈለግሁም፤ ስድስተኛ ደረጃ እንኳ ለነፈግኩት ሰውዬ መሰጠትም አልፈለግሁም። ስለዚህ ተመልሼ አንድ ቅድመ ሁኔታ አቀረብኩ። ጳጉሜን ስድስት ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ጊዜ ካስደነገጠኝ የእናቴ ቃል ይጸናል። ካላስደነገጠኝ ቃሉ ይመለሳል፣ መስመሩም ባዶ ይቀራል። ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ፤ ሹክሹክታቸውም በዚያው ድምፅ ነበር።

«ሥራው ነው። ተስማምተናል» አሉ ትልቁ።

ከሄዱ በኋላ ፊልሙን ከፍቼ አየሁት። ሁልጊዜ የሚቀመጡበት የድንጋይ መደብ እስከ አርባኛው ደቂቃ ባዶ ነበር። ከዚያ ትንፋሽ ቆርጧቸው መጥተው ተቀመጡ።

ጳጉሜን አንድ ጠዋት ሰውዬው ከአስፋልቱ ማዶ ቆሞ ተገኘ። ጃንጥላው ፊቱን ጋርዶታል። ሰፈራችን እንደሆነ ሰው አይለቅም። ከቤታችን አጠገብ ፀጉር የሚያስተካክለው ጋሽ ደምሰው ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ መስሎት ሰላም አለው። አንድ ባጃጅ መንገድ ዘግቶብኛል ብሎ ብዙ ጥሩምባ ነፋበት። ጳጉሜን ሁለት የጎሚስታው ጎማ ክምር አጠገብ ነበር። እናቴ ምሳ በሰሃን ላከችለት። ሲበላ ያየው የለም፤ ሰሃኑ ግን ታጥቦ፣ ተደፍቶ፣ ደጃችን ላይ ተገኘ። ይህ እናቴን ጨርሶ ማረካት። በዕድሜዋ ሙሉ ሰሃን አጥቦ የሚመልስ ወንድ አይታ እንደማታውቅ ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች።

ጳጉሜን ሦስት ሩፋኤል ነው። ዝናብ ጣለ፤ የሰፈሩ ልጆች ወጥተው እየዘለሉ ታጠቡ። በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት ድንገት ከፈትኩት። ሰውዬው ሦስት ክንድ ርቀት ላይ፣ በልጆቹ መሃል፣ ጃንጥላውን አጥፎ እየረጠበ ነበር። ፊቱ ያለበት ቦታ ላይ ዝናቡ ብቻ ይታያል። የእጄን የደም ሥር ይዤ ቆጠርኩ፤ ልቤ እንደ ወትሮው ነበር። በዚያ ቅጽበት፣ እውነቱን ለመናገር፣ አዘንኩ። እስከዚያ ድረስ ማሸነፍ የምፈልግ ነበር የሚመስለኝ።

በማግስቱ ግቢያችን ውስጥ ገብቶ ልብስ ማስጫው አጠገብ ቆመ። እናቴ በርጩማ አወጣችለት፤ አልተቀመጠም። የአሻንጉሊቱን ፊልም እያየሁ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። ፊልሙን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችው።

«እኔ ስሄድ ከማን ጋር ታወሪያለሽ?» አለችኝ። «ከሊፍት ጋር?»

የፊልሙን ድምፅ ቀነስኩት።

ጳጉሜን አምስት ዶፍ ዘነበ። እኔ ሱቅ ዋልኩ፤ ሰው ለበዓል ፊልም የሚጭነው በዚያን ቀን ነው። ስመለስ በሩ ላይ አልነበረም፤ ጨለማው ጋርዶት ነው ብዬ ገብቼ ተኛሁ።

ጳጉሜን ስድስት ነግቶ ስወጣ የለም። በስሌቴ መሠረት ደፉ ላይ መሆን ነበረበት። ልብስ ማስጫውን፣ የጎማውን ክምር፣ ከአስፋልቱ ማዶ ያለውን አጥር አየሁ። ጋሽ ደምሰው ደንበኛውን ትቶ መቀሱን እንደያዘ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። እስከ መናኸሪያው ድረስ ሄድኩ። አላፊ አግዳሚው ለምን እንደሆነ እንጃ መንገድ ሰፋ አድርጎ ይለቅልኛል። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ተስፋ ቆርጬ ሱቄ በር ላይ ያለውን ዝርዝር ነቅዬ ወደ ቤት መጣሁ።

ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ዘረጋሁት። ፀሐይ የቀራት ሩብ ሰዓት አይሞላም። አሸንፌያለሁ፤ እንዲህ የከፋኝ ቀን ግን አላስታውስም። ሽማግሌ ልኮ፣ አምስት ቀን ቆሞ፣ ዝናብ ጠጥቶ፣ አንድ እርምጃ ሲቀረው የሄደ ሰው ሊቆጨኝ ይገባል ወይስ አይገባም ብዬ አሰብኩ። እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ የበዓሉን ዶሮ እያዘጋጀች ታንጎራጉራለች።

«እማዬ፣ ሰውዬው ሄደ» አልኳት ካለሁበት ሆኜ።

«ሽንኩርቱን ከትፌ ጨርሻለሁ፣ እማማ» አለ አንድ ድምፅ፣ ከጆሮዬ ሥር።

የተርጓሚው ድምፅ አልነበረም። ጉልበቴ ጠረጴዛውን መታው፣ እስክሪብቶው ጣሪያ ደርሶ ተመለሰ፣ ከአፌ የወጣው ጩኸት ጎሚስታውን አልፎ ከአስፋልቱ ማዶ ተሰማ። ልቤ ጎድኔን ሊሰብር ደረሰ። ከዚያ ሳቅ ያዘኝ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ለካ እንዲህ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ሲያጣጥመው የኖረው ነገር ይኼ ነው።

እናቴ ማማሰያዋን ይዛ ብቅ አለች።

«ምን ያስጮህሻል? ትናንት ዝናቡ ሲበረታ ግባ አልኩት» አለች። «ሰው እንዴት ደጅ ይቆማል?»

በስድሳ አንድ ደቂቃ ፊልም ውስጥ ማንም ያላሰበውን እናቴ በአንድ ዶፍ አሰበችው። ሰውዬው ከትናንት ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ነበር። ሽንኩርቱን ሌሊት ከትፎ አሳደረው፤ ከነጋ በኋላ ከእኔ ኋላ አልተለየም። ጩኸቱን ሰምቶ የመጣው ጋሽ ደምሰው ቀኑን ሙሉ ስዞር አንድ እርምጃ ከኋላዬ ሆኖ ሲከተለኝ እንዳየው ነገረኝ። ተያይዘን የወጣን መስሎት ነበር።

ወረቀቱን አንስቼ ስድስተኛው መስመር ላይ «አንድ እርምጃ» ብዬ ጻፍኩ። ሰውዬው ከኋላዬ ሆኖ አነበበ። ከፍ ላድርገው እንዴ ብዬ ትንሽ አስቤ ተውኩት፤ የፊልሙ መጨረሻ አሁንም ደካማ ነው፣ «ዘጠነኛው ፎቅ»ንም የሚነካብኝ የለም። እሱም ቅር ያለው አይመስልም። ፀሐይዋ የጠለቀችው ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ነው።

መስከረም አንድ፣ ዶሮው ከተበላ በኋላ፣ እናቴ የሰውዬውን ዘመዶች ማየት አማራት። ሰርግ ከመደገሱ በፊት ከማን ጋር እንደምንጋባ ላውቅ ይገባኛል አለች። ልክ ነች። ፊልሙን ከፈትኩላት። እሷ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ እኔ አጠገቧ፣ ሰውዬው ከኋላዬ ቆመ። አንገቴ ላይ የሚሰማኝ ቅዝቃዜ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

የፊልሙ መንደር ባዶ ነው። የድንጋይ መደቡ ላይ ማንም የለም፤ የቤቶቹ በሮች ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል። በሃያኛው ደቂቃ በመንገዱ መጨረሻ ላይ ሕዝብ ቆሞ ታየ። ወንዱም ሴቱም የክት ልብሱን ለብሷል፣ ሴቶቹ አበባ ይዘዋል፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከፊት ናቸው። ማንም ሲራመድ አይታይም። ዓይናችንን ጨፍነን በገለጥን ቁጥር ግን ቀርበዋል።

ስድሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ ቴሌቪዥኑን ከዳር እስከ ዳር ሞሉት። ፊልሙ አላበቃም። ከፊት ያሉት ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ ጨዋ እንደሆኑ፣ ግቡ እስክትላቸው ወደ እናቴ እያዩ ጠበቁ። ከኋላ ያሉት ለማየት በእግራቸው ጣት ቆመዋል።

«ቆመዋል እኮ» አለች እናቴ፤ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

የቴሌቪዥኑ መስታወት ከውስጥ በኩል በትንፋሽ ደመነ። አንድ ጥቁርና ነጭ እጅ በዝግታ ጠረገው።