ሽቦ የሌለው ሳጥንና ስም የለሹ እንግዳ

ዓለማየሁ የማያምነው ነገር ብዙ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ርካሽ ነገር አያምንም። ልጁ ሃዊ ከምትማርበት ከዴልፍት መጥታ ነጩን የኢንተርኔት ሳጥን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥለት፣ መጀመሪያ ያደረገው አዙሮ ጀርባውን ማየት ነበር።

«ሽቦው የታለ?»

«የለውም ፓፓ። ውስጡ ሲም ካርድ አለ። ኸዎን፣ ዝም ብለህ ሶኬት ላይ ትሰካዋለህ፣ አለቀ።»

«ከግድግዳው መስመር ጋር በምን ይገናኛል ታዲያ?»

«አይገናኝም። እንደ ስልክህ ከአየር ነው የሚያመጣው። ኮንትራክት የለውም፣ ካልፈለግከው በወሩ ትተወዋለህ።»

ልጅቷ የምትለው እውነት ነው። አምስተርዳም ውስጥ ኢንዲሸ ቡርት የሚባለው ሰፈር ያለው ሕንፃቸው አሮጌ ነው፤ የአዲሱ መስመር ቁፋሮ ከመንገዱ ማዶ ደርሶ ቀርቷል፤ የድሮውን ኬብል ያስገባው ኩባንያ ደግሞ የሁለት ዓመት ውል ፈርሙ ብሎ ዋጋውን ሰቅሎታል። ሳጥኑ የዚያን ግማሽ እንኳ አይጠይቅም። ዓለማየሁን ያሳሰበውም ይኸው ነው፤ በርካሽ የሚሰጥ በሌላ በኩል የሚወስደው ነገር አለው ባይ ነው። ሚስቱ ኤልፍነሽ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀችም፤ ሳጥኑን ወስዳ መስኮቱ አጠገብ ሰካችው። ሃዊም ከሥሩ የተጻፈውን ፓስዎርድ በሁለቱም ስልክ ላይ አስገብታ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች።

የዓለማየሁ ጥርጣሬ ጨርሶ መሠረት የለውም እንዳይባል፣ ረቡዕ ረቡዕ አመሻሹ ላይ በስልክ፣ በኢንተርኔት ሊንክ እየተገባ የሚደረገውን የጸሎት ኅብረት የሚመራው እሱ ነው። ከአምስተርዳም፣ ከሮተርዳምና ከዴን ሃግ ያሉ አማኞች ከሥራ መልስ ይገባሉ። በጉባኤ ፊት የማይነገረው ሁሉ እዚያ ይነገራል፤ የአንዷ ትዳር፣ የአንዱ ሕመም፣ የሌላው የመኖሪያ ፈቃድ። ከዚያ አንዲት ቃል ብታመልጥ በሚቀጥለው ረቡዕ አፉን የሚከፍት አይኖርም፤ ያቺ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከዚህ በላይ ሰው ማጣት አትችልም።

አንድ ጊዜ አጥታለችና። ባለፈው ዓመት «ጉባኤው ወደ ሮተርዳም ሄዶ እዚያ ካሉት ጋር ይቀላቀል» ሲባል፣ ዓለማየሁ ይሂድ አለ፣ ፈቃደ አይሄድም አለ። ፈቃደ ማለት በስደተኞች ካምፕ አንድ ክፍል የተጋራው፣ ቤት አብሮት ጠብቆ አብሮት ያገኘው፣ እስከ ዛሬም ልክ ከላያቸው ባለው ፎቅ ላይ ብቻውን የሚኖር ወዳጁ ነው። ወለሉ እንጨት ስለሆነ ሳሉ እንኳ ይሰማቸዋል። ድሮ እራት ሲደርስ ኤልፍነሽ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ትመታለች፣ ፈቃደም ይወርዳል። በዚያ ስብሰባ ላይ ግን ዓለማየሁ በሰው ሁሉ ፊት «ከዛሬ ጀምሮ ከእኛ ጋር አይጸልይም» አለ፤ ፈቃደም ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሁለቱም የሚያዩት ግድግዳውን ነው።

እንግዳው ብቅ ያለው ሳጥኑ ከተሰካ ብዙም ሳይቆይ ነው። ጸሎቱ ሊጀመር ሲል ስልኩ ላይ ከሌሎቹ ስም በታች «እንግዳ» የሚል ተጨመረ፤ ስሙን ያልጻፈ ሰው ሲገባ እንዲህ ነው የሚታየው።

«ማን ልበል?» አለ ዓለማየሁ።

እንግዳው ሁሉም በየተራ እስኪጸልይ ድምፁን ዘግቶ ቆየ፤ አሜን ሲባል ወጣ። በሚቀጥለውም ረቡዕ መጣ። ዓለማየሁ ሊያስወጣው አስቦ ነበር፤ ምናልባት ስም መጻፍ ያልሆነላት አንዲት እናት ብትሆንስ ብሎ ተወው። ሊንኩን እንዳይቀይር፣ ዴን ሃግ ያሉት እትዬ አበባይሽ ከኮሮና ጀምሮ የሚያውቁት ይህንኑ አንዱን ነው፤ ሌላ ቢላክላቸው በዚያው ጠፍተው ይቀራሉ።

«ከዚህ ሳጥን ጋር አብሮ የመጣ ጆሮ አለ» አላት ኤልፍነሽን። «የኛን ስልኮች አጥፍተን እንኳ መብራቱ ይብለጨለጫል። ለማን ነው የሚሠራው?»

«ተወው እስቲ፣ መብራት ነው» አለችና ወደ እቃ ማጠቢያው ዞረች።

ዓለማየሁ ሚስቱን ያውቃታል። ፊቷን የምታዞረው የምትደብቀው ሲኖር ነው። ስለዚህ እሷንም መከታተል ጀመረ። ክዳን ያለው ሳህን ይዛ ትወጣለች፣ ባዶውን ይዛ ትመለሳለች፤ ለማን ነው ሲላት «ለጎረቤት» ብላ ታልፋለች። ከላይ የሚሰማው የፈቃደ እርምጃም ተለውጧል። እንደ ድሮው አይረግጥም፤ ቀስ፣ ቀስ ይላል። አውቆ በጫማው ጫፍ የሚሄድ መሰለው። በዚህ ሁሉ መካከል እንቅልፉ ተቃወሰ፣ የደም ግፊቱም ከፍ አለና በረቡዕ ጸሎት ላይ ጸልዩልኝ አለ። እንግዳው ያንንም ሰማ።

በመጨረሻ ሃዊ ጋ ደወለ። «ይህ ሳጥን የሚሰማን መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ሃዊ ሳቀችበት። «ነቅለህ እየው። ስልክህ በራሱ ዳታ ይሠራል፣ ምንም አትሆንም።»

በቀልድ ያለችውን እሱ የምሩን ያዘው።

ረቡዕ ደረሰ። ዮሃና ከሮተርዳም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወረቀቴን እንደገና እናየዋለን ብለውኛል፤ ልጆቼ እንኳ አያውቁም» አለች። እንግዳው በቦታው አለ። ዓለማየሁ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ ጎንበስ ብሎ ሳጥኑን ከሶኬቱ ነቀለው።

ትንሽ ቆይቶ እንግዳው ጠፋ። ሌሎቹ ሁሉ እንዳሉ ናቸው።

መልሶ ሰካው። መብራቱ ቀይ ሆነ፣ ቆይቶ ነጭ ሆነ። እንግዳው ተመለሰ።

ዓለማየሁ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠራጠር ኖሮ ጥርጣሬው ልክ ሲሆንለት ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ደስ ግን አላለውም። ድምፁን ዘግቶ ወደ ወጥ ቤት ገባ። የኤልፍነሽ ስልክ ጠፍቶ ቻርጅ ላይ ተቀምጧል።

«ሰውየው በዚህ ቤት በኩል ነው የሚገባው። ፓስዎርዱን ለማን ሰጠሽ?»

ኤልፍነሽ እጇን ጠረገች። በዚህ ጊዜ ፊቷን አላዞረችም። «ለፈቃደ።»

«ለማን?»

«ዳሌውን ተቀዶ ከመጣ ወዲህ ደረጃ አይወርድም። መስመሩንም ከተወው ቆየ፣ ቤቱ ኢንተርኔት የለም፣ ስልኩም ዳታ የለውም። አንድ ረቡዕ ምግብ ይዤለት ብወጣ፣ ወንበሩን ከሳሎናችን በላይ አስጠግቶ፣ ክራንቹን ተደግፎ ወደ ወለሉ አቀርቅሯል። ‹የሚሰማኝ የዓለማየሁ ድምፅ ብቻ ነው፣ የሌሎቹ አይሰማኝም› አለኝ። ምን ላድርግ? ሊንኩ እንደሆነ ድሮም አለው፤ ፓስዎርዱን ሰጠሁት።»

«የሰው ምስጢር ነው ኤልፍነሽ! የዮሃናን ነገር ሰማ።»

«ሰማ። እስከ ዛሬ ከሰማው ምን ወጣ?»

ምንም አልወጣም። ዓለማየሁ ተናደደ፣ አፈረም። ሳሎን ተመልሶ ሳጥኑ አጠገብ ቆመ። አንድ ጊዜ ቢነቅለው ነገሩ ያበቃል። ሳይነቅለው ዝም ቢል ደግሞ ሰዎቹን ያታልላል። እጁ ሶኬቱ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ አንሥቶ ድምፁን ከፈተ።

«ወገኖቼ፣ እንግዳው ታውቋል። ወንድም ፈቃደ ነው። በእኔ ቤት በኩል ነው የሚገባው፣ እኔም ያወቅሁት አሁን ነው። እህት ዮሃና፣ ያልሽውን ሰምቷል። ይውጣ ካልሽ ይወጣል።»

ዓለማየሁ ያቺ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን በእጁ ላይ ስትበተን የታየችው መሰለው።

«ከሰማ» አለች ዮሃና፣ «ይጸልይልኛ።»

«ወንድም ፈቃደ» አለ ዓለማየሁ፤ «በጸሎት ትዘጋልናለህ።»

መጀመሪያ የተሰማው ሳል ነው፤ በጣሪያው በኩል ቀድሞ መጣ፣ ቀጥሎ ያው ሳል ከስልኩ ወጣ። ከዚያ ፈቃደ ጸለየ። ለዮሃና ወረቀት ጸለየ፣ ለእትዬ አበባይሽ ጉልበት ጸለየ፤ በእነዚያ ሁሉ ረቡዖች የሰማውን አንድም ሳያስቀር በየስሙ አነሣ። በመጨረሻ «የወንድሜን የዓለማየሁን ደም ግፊት ዝቅ አድርግለት፣ እንቅልፉንም መልስለት» አለ፤ ዓለማየሁም ይህን ሁለት ጊዜ ሰማው፣ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከስልኩ።

አሜን ተባለ። ዓለማየሁ መጥረጊያውን አንሥቶ በእንጨቱ ጣሪያውን መታ። ከዚያ ፈቃደ ደረጃ መውረድ እንደማይችል ትዝ አለውና፣ ሳህኑን ከኤልፍነሽ እጅ ተቀብሎ ራሱ ወጣ።