አባ ፍሥሐ የዘለሏት ጥያቄ

ወለተ ሚካኤል ኮተለከች ተብሎ ደብረ ማርቆስ ላይ የተወራብኝ ውሸት ነው። በሕይወት ያላችሁ የማኅበሬ ሴቶች ስሙኝ፤ ያኔ ጽዋ ከልክላችሁኛልና እስክሞት አኮርፋችኋለሁ። አራት ሳምንት ሙሉ ካቶሊኩ ቄስ ቤት ተመላለስኩ? አዎ፣ ተመላለስኩ። መጽሐፋቸውን ተማርኩ? አንድ ባንድ። ለምን እንደሆነ ግን አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ።

ነገሩ የመጣው በምራቴ ነው። ልጄ ደምለው የጣልያን መንገድ ሥራ ላይ በቅሎ ይነዳ ነበር። እዚያ ብርክቲ የምትባል የኤርትራ፣ የአካለ ጉዛይ ልጅ አየ። ወንድሟ አስካሪ፣ የጣልያን ወታደር ነው፤ እሱን ተከትላ መጥታ የወታደር ልብስ ታጥባለች። እሷም ካቶሊክ፣ ወንድሟም ካቶሊክ። አበስኩ ገበርኩ ብዬ ጮህኩ፣ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ደምለው ግን ካልኩ አልኩ ነው፤ ከነዳቸው በቅሎዎች የባሰ ግትር። በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጠና ተስማማን። የመጀመሪያው ልጅ በሷ ቤተ ክርስቲያን ይጠመቅ፣ ሁለተኛው በኛ። ወንድሟ ብልህ ሰው ነበር፤ "የዚህ ቃል ዋስ አማቷ ካልሆነች እህቴን አልሰጥም" አለ። ዋስ ሆንኩ። እንግዲህ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሟ ወደ ጎንደር ተዛወረና ልጅቱ ከኔ ቤት ሌላ የላትም። መጀመሪያ ላይ ፊቴን አጥቁሬ ልይዛት ሞከርኩ። የት ልዘልቀው! ማታ ማታ እግሬን ታጥባለች። "አደይ" ትለኛለች፣ እናቴ ማለቷ ነው። ፈትሏ ደግሞ ሐር ነው፣ ውሸት አልናገርም። ስትፈትል ታዲያ አንድ ልማድ አላት፤ ልጅ ሳለች በቋንቋዋ የተማረችውን የሃይማኖት ትምህርት ባማርኛ ትለማመዳለች። ራሷ ትጠይቃለች፣ ራሷ ትመልሳለች። "ማን ፈጠረሽ? እግዚአብሔር ፈጠረኝ። ለምን ፈጠረሽ?" እያለች እስከ መጨረሻው ትወርዳለች። እኔ ያልሰማሁ መስዬ ጥጤን እባዝታለሁ። ጆሮ ግን በር የለው፣ ምን ላድርገው፤ ሳላስበው ሁሉም ገባልኝ።

ሺ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት ላይ ጎጃም በጣልያን ላይ ሲነሣ ደምለው ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ጮቄ ተራራ ወጣ። ብርክቲን ስድስት ወር እርጉዝ ትቷት ሄደ። በጥቅምት ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ አንድ ፍሬ ነው፤ ጡት አይዝም፣ ድምፁ አይሰማም። ሌሊቱን ሁሉ ትንፋሹን እያዳመጥን እናነጋለን።

በተወለደ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ቅዳሴ ያስቀደሰች የብርክቲ ባልንጀራ እየሮጠች መጣች። አባ ፍሥሐ መቅደሱ ፊት ቆመው "የሽፍታ ልጅ አባቱ እጁን ለመንግሥት ሳይሰጥ አይጠመቅም፤ የአባቱ ኃጢአት በላዩ ነው" ብለው ሰበኩ አለች።

አባ ፍሥሐ ማለት ከአስካሪዎቹ ጋር የመጡ የአካለ ጉዛይ ቄስ ናቸው። ብርክቲን ሕፃን ሳለች ያጠመቋትም፣ ፊደል ያስቆጠሯትም እሳቸው ናቸው። ለሷ የእሳቸው ቃል ከሰማይ የወረደ ነው። ወሬውን ስትሰማ ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ "አባ ካሉ እውነት ነው" አለች። "አደይ፣ ሳይጠመቅ ቢሞትብኝስ? ደምለው ይምጣ። የገባ ምሕረት ያገኛል ብለዋል እኮ።"

የጣልያን ምሕረት! ምሕረት ተብለው የገቡትን ገበያው ዳር ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው አይቻቸዋለሁ። ደሜ ፈላ። ልቆጣት አፌን ስከፍት ፊቷን አየሁትና አንጀቴን በላችው። እሷ ስለ ልጇ ትፈራለች፣ እኔ ስለ ልጄ። ሁለታችንም እናት ነን።

በማግስቱ በጠዋት የነፍስ አባቴ ቄስ አንሙት ዘንድ ሄጄ "ልጁን ነጥቄ ላምጣልዎትና በስውር ያጥምቁልኝ" አልኳቸው።

"ደስ ባለኝ ነበር" አሉ። "ግን ዋስ አይደለሽም? ደግሞ አጥምቄልሽ ሳበቃ ምራትሽ አልተጠመቀም ብላ ባሏን ብትጠራስ ምን አተረፍሽ? ይልቅ አባ ፍሥሐ የተሳሳቱት በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ትምህርት ላይ ነው። ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ ብቻውን ውቀሰው ይላል ወንጌሉ።"

"ወንድም? ካቶሊኩ?"

"አንቺ ሴት፣ ወንጌሉን እኔ አልጻፍኩት!" አሉና ተቆጡ። "ባደባባይም እንዳትሰድቢያቸው። ሰው ባደባባይ ሲሰድቡት ስሕተቱን አቅፎ ይተኛል።"

ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የምለውን ስድብ እየመረጥኩ ነው የሄድኩት፤ ከነሱ አንዱ ብቻ ቢነገር ገደል ያፈርስ ነበር። አባ ጓሯቸው ውስጥ ጎመን ይኮተኩታሉ። ቀጭን ሰው፣ ቀሚሳቸው ክርናቸው ላይ የተጣፈ። ኮቴ ሲሰሙ ድንግጥ ብለው ቀና አሉና ዐይናቸው ከኔ አልፎ ወደ ጣልያኑ ካፒቴን ቤት ሄደ። ያን ጊዜ ገባኝ። ይህ ሰው ክፉ አይደለም፣ ፈሪ ነው። ፈሪ ላይ ቢጮኹበት ጉድጓዱ ነው የሚገባው።

"ምን ልታዘዝ፣ እናቴ?" አሉኝ።

"ትምህርት ሊያስተምሩኝ ነው የመጣሁት" አለ አፌ። እኔ አላልኩም፣ አፌ ነው ያለው። "የሃይማኖት መጽሐፋችሁን። ከመጀመሪያው።"

መኮትኮቻው ከእጃቸው ወደቀ። ደስታቸውን ብታዩት! ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ የጎጃም ሰው ሰላም እንኳ አይላቸው። እኔ ደግሞ፣ የጽዋ ማኅበር ሙሴዋ፣ ሰብሳቢዋ ወለተ ሚካኤል፣ በራሴ እግር ደጃቸው መጣሁ። እየሮጡ አስመራ የታተመች ትንሽ መጽሐፍ ይዘው መጡ።

በየቀኑ ሁለት ሁለት ገጽ ሆነ። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ መልሱን ያነቡልኛል፣ እኔ እደግማለሁ። እንደማላውቅ ሆኜ አንዳንዱን ሆን ብዬ አበላሻለሁ፤ በትዕግሥት ያርሙኛል። ሁለት ባሕርይ የሚለው ጋ ስንደርስ "ይህንን ይለፉኝ አባ፣ ቤቴ ሰላም እንድገባ" ብዬ ጆሮዬን ደፈንኩ። ከት ብለው ሳቁ፤ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወደድኳቸው። የሚበሉት ወጥ የጎርፍ ውሃ ነው የሚመስለው። አስተዋልኩና ሽሮና ድልህ ይዤላቸው መሄድ ጀመርኩ። ሲበሉ ስለ እናታቸው ያወራሉ፤ መቃብሯን ሳላይ ስምንት ዓመቴ ይላሉ። ቅዳሴያቸውን ከደጅ ሆኜ ሰማሁት፤ ግዕዙ የኛው ግዕዝ ነው። ድምፃቸው ደግሞ ምን ልበላችሁ፣ ሆድ ያባባል። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ያንን ነገር ይሰብካል እያልኩ እበሳጫለሁ። የማታ ቤቴ ስመለስ ጎረቤት ፊቱን ያዞርብኛል፤ የብርጓል፣ አብራኝ ያደገችው የብርጓል እንኳ ለእሳት መጫሪያ ሰው ስልክባት "የለም" ብላ መለሰች። ምስጢሩን ባወጣው ካፒቴኑ ጆሮ ይደርሳል። አፌን ያዝኩ።

ልጁ በተወለደ በሠላሳ ሰባተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ የጥምቀት ምዕራፍ ደረስን። "ጥምቀት ምንድን ነው?" ጠየቁ፣ መለስኩ። "ማን ሠራት?" መለስኩ። ከዚያ ገጹን ገለጡና ሳያነቡ አለፉት። ሌላ ገጽ ገለጡ። "ስለ ሜሮን" ብለው ሊቀጥሉ ሆነ።

"አባ" አልኳቸው፣ "አንዷን ዘለሏት።"

"ምኑን?"

"ከዚህ መሐል አንድ ጥያቄ አለች። ሕፃናት ይጠመቁ ዘንድ ይገባልን ትላለች።" ዐይኔን ካይናቸው አልነቀልኩም። "ይገባል፤ ማንም ሊከለክላቸው አይችልም። የአባታቸው ኃጢአት ይቆጠርባቸዋልን? አይቆጠርባቸውም፤ አባት ስለ ልጁ፣ ልጅም ስለ አባቱ አይጠየቅምና። ተሳሳትኩ?"

መጽሐፉን ዘጉት። "ይህን ማን አስተማረዎት?"

"እርስዎ ነዎት። እርስዎ ብርክቲን አስተማሩ፤ ብርክቲ ስትፈትል ስትፈትል እኔን አስተማረች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ እኔም አልለቅም። እሷ ይኸን ሁሉ በቃሏ ይዛ እንኳ ከመጽሐፉ ይልቅ እርስዎን አመነች። ልጄን ጠርታ ልታስሰቅልብኝ ነው አባ!"

ማልቀሴን ያወቅሁት ነጠላዬ ሲርስ ነው። እሳቸውም ቁጭ አሉ። ካፒቴኑ ጠርቷቸው "ወይ ይህን ትሰብካለህ፣ ወይ ቤተ ክርስቲያኑን ዘግቼ እሰድሃለሁ" እንዳላቸው ነገሩኝ። "ስድሳ ነፍስ አለችኝ እዚህ፣ እናቴ። ያለ ቄስ ልተዋቸው? ትንሽ ቃል ናት ብዬ ተናገርኳት።"

"ትንሽ ቃል የለም። መቅደስ ፊት የተነገረ መቅደስ ፊት ይመለሳል፤ ጓሮ ውስጥ ለኔ ቢነግሩኝ ምን ያደርግልኛል?"

"ልጸልይበት" ብቻ አሉ። ወጣሁ።

ቤቴ ስደርስ ብርክቲ እግሬ ላይ ወደቀች። ሮብ ዕለት ከጮቄ ሥር ወዳለው ሮብ ገበያ በሚወጣ ሰው ለደምለው ልካለች፤ "አርባው እሑድ ነው፣ ልጅህ እንዲጠመቅ ብለህ ግባ" ብላ። እኔን ይድፋኝ! ጮህኩባት እንጂ አልመታኋትም። ደምለውን አውቀዋለሁ፤ ለልጁ ከተባለ እሳት ውስጥ ይገባል። መልእክተኛው ደግሞ አንዴ ወጥቷል፣ ማን ይመልሰዋል። ዓርብና ቅዳሜን እንዴት እንደዋልኩ አላስታውሰውም።

እሑድ ብርክቲ ልጁን ታቅፋ፣ እኔ አጠገቧ ሆኜ ቤተ ክርስቲያናቸው ገባን። ካቶሊክ ቤት መግባቴ ያን ቀን ግድ አልሰጠኝም። ካፒቴኑ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ አስተርጓሚው ጎኑ ቆሟል። ዞር ስል በሩ ጥግ ጋቢውን እስከ ዐይኑ የተከናነበ ሰው አየሁ። በግራ እግሩ ላይ ተደግፎ ነው የሚቆም፤ ቀኙን በቅሎ ረግጣው ነበር። ልጄ ነው። የሕፃኑ ስም ሲጠራ ወደ ካፒቴኑ ወጥቶ እጁን ሊሰጥ ነው የመጣው።

አባ ፍሥሐ ወጡ። ፊታቸው አመድ ነው። ሕዝቡን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ከአራት ሳምንት በፊት" አሉ፣ "እዚህ ቆሜ የሽፍታ ልጅ አባቱ እጁን ካልሰጠ አይጠመቅም ብያችሁ ነበር። ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ከገዛ ፍርሃቴ ያመጣሁት ነው። አንዲት እናት ብቻዬን አግኝታ ወቀሰችኝ፣ እግዚአብሔር ይስጣት። እናንተንም ይቅር በሉኝ እላለሁ። አባት ስለ ልጁ አይጠየቅም፣ ልጅም ስለ አባቱ። ልጄ እንዲጠመቅ ብሎ ማንም እጁን እንዳይሰጥ። ሕፃኑን አምጡልኝ።"

ካፒቴኑ ወደ አስተርጓሚው ዘንበል አለ። አስተርጓሚው የአካለ ጉዛይ ሰው ነው፣ አልዋሸውም፤ "ስለ ጥምቀት ነው የሚሰብኩት" ብሎ ነገረው አሉ። ካፒቴኑ ራሱን ነቀነቀ፣ ጥምቀት ጥሩ ነገር ነው ብሎ ይሆናል።

ውሃው ራሱ ላይ ሲፈስ ያ ድምፅ ያልነበረው ልጅ ጣራው እስኪነቃነቅ ጮኸ። ብርክቲ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። እኔ ወደ በሩ ለመዞር አቅም አጣሁ። ሰው ሲወጣ በግፊያው መሐል ጋቢ ለበስ አንድ እጅ መጥታ እርጥቡን ራስ ነካችው። "እማ" አለኝ። ሌላ አልተናገረም። ቀና ስል ከሰው ጋር ተቀላቅሎ ሄዷል።

ጉዱ ካፒቴኑ ጆሮ የደረሰው ማክሰኞ ነው። ዓርብ አባን ወደ አስመራ ሊወስዷቸው ካሚዮን ላይ ጫኗቸው። ቆሎ ቋጥሬ ሮጥኩ። ካሚዮኑ የጫነው እንጨት ላይ ተቀምጠዋል፣ መጽሐፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው። የፈሩ አይመስሉም።

"ለልጅዎ ብለው ነበር የመጡት" አሉኝ፣ "ለትምህርቱ አልነበረም። አውቄዋለሁ፣ እናቴ። ግን እግዜር ይስጥልኝ።"

"መጀመሪያ ለልጄ ነበር፣ አልዋሽዎትም" አልኳቸው። "በኋላ ግን ለእርስዎም ነበር። ለደምለው የፈራሁትን ያህል ለእርስዎም ፈርቼልዎት ነበር፣ አባቴ።"

ሊመልሱልኝ ሲሉ ካሚዮኑ ተነሣ። እጃቸውን አንሥተው ከሩቅ ባረኩኝ፣ እኔም መንገዱ መሐል ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ።