የምትዞረዋ ማጠንጠኛ

"እሷን አይደለም፤ ከበላይዋ ያለችውን ያውርዱልኝ" አለች ፀጉር ሠሪዋ።

ሽማግሌው ባለሱቅ እጃቸውን አየር ላይ እንዳንጠለጠሉ ዞር ብለው ባሏን አዩት። ባሏ ደግሞ ኮርኒሱን አየ። ሱቁ ጠባብ ነው። በአንድ ወገን የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ በሌላው ወገን መንጠቆና ክር ማክበጃ እርሳስ በየሣጥኑ ተሞልቷል፤ ከባንኮኒው ጀርባ ባሉት መደርደሪያዎች ላይ ደግሞ ዘንግ ላይ የሚገጠሙት የክር ማጠንጠኛዎች ተቀምጠዋል። የኋላው በር ክፍት ስለሆነ ባሕሩ ይታያል።

"የኔ ልጅ፣ ያቺ እኮ የምትዞረዋ ናት" አሉ ባለሱቁ፣ ለታመመ ሰው እንደሚናገሩ ድምፃቸውን አለስልሰው። "ለጀማሪ ቋሚዋ ትሻላለች። ቋሚዋ ክሩ የተጠቀለለበት ከበሮዋ አይነቃነቅም። ሲወረውሩ ክሩ ብቻ እየተፈታ ይሄዳል፣ በቃ። የምትዞረዋ ግን ከበሮዋ ራሱ ከክሩ ጋር ይሽከረከራል። አውራ ጣትሽ ካልገታው ከክሩ ቀድሞ ይሮጥና . . ."

"ውሉ ይጠፋል" ብላ ጨረሰችላቸው። "አውቃለሁ ጋሼ። ይሄን እኔ ካላወቅሁ ማን ይወቅ?"

እውነቷን ነው። ከተጋቡ ጀምሮ እሁድ እሁድ ባሏ ከባሕሩ ዳር ቆሞ ይወረውራል፣ እሷ ከኋላው ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ክንደ ብርቱ፣ ትዕግሥተ አጭር። ክሩ በተተበተበ ቁጥር ዘንጉን ከነማጠንጠኛው እቅፏ ውስጥ ያስቀምጥላትና በሌላ ዘንግ መወርወሩን ይቀጥላል። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ፀጉር ስታፍታታ የከረመች ሴት፣ እሁድንም ስታፍታታ ትውላለች። ዓሣ ከተያዘ የያዘው እሱ ነው። ካልተያዘ ደግሞ "ክሩን በደንብ አልፈታሽውም" ይባላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይሄኔ ነው።

ባለፈው እሁድ ግን ነገሩ ከመጠን አለፈ። የዓሣ መንጋ ዳር ድረስ መጥቶ ውሃውን አፈላው። በባሕሩ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ሲወረውርና ሲጎትት፣ እሷ አንገቷን ደፍታ ውል ትፈልግ ነበር። ቀና ስትል መንጋው ሄዷል። "እኔስ?" አለችው ባሏን። "አንቺማ ጣትሽ የተፈጠረው ለዚህ ነው" አላት፤ እሱ ማመስገኑ ነበር። ቆሽቷ አረረ። ከዚያ ወዲያ የደንበኛ ፀጉር እየሠራች የምታስበው ያንን ሳታየው ያመለጣትን መንጋ ብቻ ሆነ። መወርወር ፈለገች። እንደ ሰው ቆማ፣ በራሷ ዘንግ፣ ሩቅ መወርወር። ዛሬ የራሷን ማጠንጠኛ ልትገዛ ፀጉር ቤቷን ቀደም ብላ ዘግታ ስትወጣ ባሏ "አብሬሽ ካልሄድኩ" አለ፤ ያውም ጓደኛውን አስከትሎ።

ጓደኛው፣ ሰፈርተኛው "አድማስ" የሚለው ሰው ነው። "እኔ የወረወርኩት እርሳስ አድማስ ላይ ነው የሚያርፈው" ስለሚል ነው ስሙ የወጣለት። አሁን ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል።

"ጋሼ፣ ግዴለም ሮዝ ቀለም ያላት ካለች ያሳዩዋት" አለ።

ፀጉር ሠሪዋ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

ባለሱቁ እየከበዳቸውም ቢሆን የጠየቀቻቸውን አውርደው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ትልቅ ናት፤ ታብረቀርቃለች። ፀጉር ሠሪዋ አነሳቻትና አውራ ጣቷን ከበሮዋ ላይ አሳረፈች። ጣቷ ከዳር እስከ ዳር አልደርስ አለ።

"ይቺ ሰፋችብኝ።"

"ይቺ የጀልባ ናት" አሉ ባለሱቁ። "ከጀልባ ላይ ክሩን ቁልቁል መልቀቅ ነው፤ መወርወር የለም። ከዳር ለሚወረውር ሰው ከበሮዋ ጠበብና ቀለል ማለት አለበት። ከባድ ከበሮ አንዴ መዞር ከጀመረ ማቆሚያ የለውም።"

"የባሌም እንዲህ ሰፊ ናት።"

"የኔን ምን አመጣው እዚህ?" አለ ባሏ።

ሁለተኛዋ ከፊቷ ወዲያና ወዲህ የምትመላለስ ትንሽ ቀለበት አላት። ክሩ ከበሮው ላይ ተስተካክሎ እንዲተኛ የምታደርገው እሷ ናት። "ይቺ ትመችሻለች፣ ሥራ ታቃልላለች" አሉ።

"ስወረውርስ?"

ባለሱቁ አገጫቸውን አሻሹ። መዋሸት ከሚችሉ ሰዎች ወገን አይደሉም። "ስትወረውሪ ክሩን ትይዘዋለች። ርቀት ትቀንሳለች።"

"እንግዲያው ትቅርብኝ። ስጠቀልል በጣቴ አስተኛዋለሁ።"

ሦስተኛዋ ጥቁር፣ ጠባብና ቀላል ናት። ቀለበት የላትም። በጎኗ ትንሽ የፍሬን ቁልፍ አላት፤ ሲያጠብቋት ከበሮው በቀስታ ይዞራል፣ ሲያላሏት እንደልቡ። ፀጉር ሠሪዋ አውራ ጣቷን ስታሳርፍ ልክ ገጠመ። ከበሮውን ገፋ አደረገችው፤ ድምፅ ሳያሰማ ዞረ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

"ይቺ ናት።"

"ክር ከተጠቀለለባት በኋላ አትመለስም" አሉ ባለሱቁ።

"ቆይ እስቲ እንነጋገር" አለ ባሏ።

"ክሩን ይጠቅልሉልኝ ጋሼ።"

ከሱቁ ጀርባ ጠጠር የበዛበት ዳርቻ ነው። ባለሱቁ የራሳቸውን ዘንግ አውጥተው ማጠንጠኛዋን ገጠሙላት፣ መንጠቆ ሳያስሩ እርሳስ ብቻ አንጠለጠሉ፣ ፍሬኗን መሃል ላይ አድርገው ሰጧት። ሦስቱም ወንዶች ከኋላዋ ቆሙ። እግሯን ከፈት አድርጋ ዘንጉን ወደኋላ ወሰደችና በሙሉ ኃይሏ ወረወረች። እርሳሱ ከፍ ብሎ ሄደ፤ ከበሮው ከአውራ ጣቷ ሥር ጮኸ። እርሳሱ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ከበሮው ግን አልሰማም። መዞሩን ቀጠለና ክሩ እንደተረሳ ወተት ገነፈለ።

"ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" አለ አድማስ።

"አትስጋ፤ እኔ የታነቀ ስፈታ የኖርኩ ነኝ" አለችው ዞር ሳትል። ፊቷ ግን ጋለ። አፍራ ነበር፣ ደግሞም ማፈሯ አናደዳት።

ጠጠሩ ላይ ተቀምጣ መፍታት ጀመረች። ባሏ መጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

"በይ ተይው" አላት በሹክሹክታ። "አትመለስም ቢሉም እሳቸው ሰው ያከብራሉ፤ በቋሚዋ ይለውጡልናል። ሰው እየሳቀብሽ ነው።"

"ይሳቁ። አንተ ላይስ ስንቴ ተሳቀ? ሳይታይብህ ቶሎ ቶሎ የምፈታልህ እኔ አልነበርኩም?"

ባሏ አንድ ጠጠር አነሳና አገላበጠው። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር "የኔንስ ማን ይፈታዋል?" አለ።

ልትቆጣ ነበር፤ ግን አየችው። ከልቡ ነው የጠየቀው። ሚስቱ ዓሣ ያዘች አልያዘች ጉዳዩ አይደለም፤ የፈራው እቅፏ እንዳይያዝበት ነው።

"ጣት የለህም?"

"ጣትማ አለኝ። ትዕግሥት ነው የሌለኝ።"

"ትዕግሥት የሚሸጥ ከሆነ ጋሼን ጠይቃቸው" አለችና የመጨረሻዋን ቋጠሮ መዝዛ አወጣች።

ባለሱቁ ማጠንጠኛዋን ተቀበሏትና ክሩን እያስተካከሉ ጠየቋት። "ቅድም ስትወረውሪ ዓይንሽ የት ነበር?"

አሰበች። "ከበሮው ላይ።"

"አየሽ። ከበሮውን እያዩ አይወረወርም። እርሳሱን ነው የሚያዩት፤ ውሃ ሲነካ ያኔ ጣትን መጫን ነው። አንቺ ስንት ዓመት ስታይ የኖርሽው እቅፍሽን ነው፤ ዓይንሽ ለመደበት።"

ይሄኛው ከአድማስ ተረት ይልቅ ገብቶ ወጋት። ተነስታ ዘንጉን ተቀበለችና ቀና ብላ ወረወረች። እርሳሱን ከመነሻው እስከ ማረፊያው በዓይኗ ተከተለችው። ውሃው ሲረጭ ጣቷን ተጫነች። ክሩ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ አንዲት ቋጠሮ እንኳ የለም።

"ይኸው!" አለ ባሏ፣ እውነት ደስ ብሎት። አድማስ እንኳ አንዴ አጨበጨበ።

እሷ ግን ፊቷን አኮሳተረች። እርሳሱ የወደቀው ልጆች ዋና በሚለማመዱበት ጥልቀት ላይ ነው። ጉልበቷን ሰጥታው ነበር፤ መንገድ ላይ የሆነ ነገር ወስዶባታል። ክሩን ጠቅልላ ማጠንጠኛዋን ገለበጠችና የፍሬኗን ቁልፍ ነካች። ጥርቅም ተደርጋ ጠብቃለች።

"ማን ነው ያጠበቃት?"

አድማስ ጫማውን ማየት ጀመረ። ባለሱቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ ነኝ የኔ ልጅ። ባልሽ በዓይኑ ጠቀሰኝና . . . እንዳትተበተቢ ብለን ነው።"

"ቅድም ተተበተብኩ። ሞትኩ እንዴ?"

"ላንቺ አስቤ ነው እኮ" አለ ባሏ። "ምን ያደርግልሻል ሩቁ? እዚህ ቅርብም ትንንሽ ዓሣ አይጠፋም።"

"ትልልቁስ የማን ነው?"

ቁልፏን በጥፍሯ ይዛ ማላላት ጀመረች። መሃል ደረሰች፤ አላቆመችም። እስከ መጨረሻው ድረስ አላላቻት።

"እንደሱማ ይጠፋል ውሉ" አሉ ባለሱቁ። "ትንሽ እንኳ አስቀሪ።"

"ይጥፋ ጋሼ። እፈልገዋለሁ።"

ዘንጉን ወደኋላ ስትወስድ የሰዎቹ ጥላ እግሯ ሥር ድረስ መጥቶ አየችው። ሦስቱም እንደቅድሙ ተጠግተው፣ ለመርዳት ተዘጋጅተው ቆመዋል። ዓይኗን ከውሃው ላይ፣ ሰማያዊው ከሚጠቁርበት ሩቅ ሳትነቅል እጇን ጠበቅ አደረገች።

"ከኋላዬ ዞር በሉ" አለች። "ልወረውር ነው።"