ዘጠና ሁለት ከመቶ

የከተማው አውቶብስ ስምሪት ኃላፊ የዓመቱን ሪፖርት ሊጨርስ ጥቂት ቀርቶታል። አርባ አዳዲስ አውቶብሶች፣ ሁለት አዳዲስ መስመሮች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «በሰዓቱ መድረስ፦ ዘጠና ሁለት ከመቶ»። እሑድ ምሳ ላይ ይህንኑ በኩራት ለታላቅ እህቱ ነገራት። እህቱ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ በዘጠኝ ቁጥር አውቶብስ መመላለስ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

«ዘጠና ሁለት? እኔ ምን በድዬ ነው ታዲያ ሁልጊዜ ስምንቱ ላይ የምወድቀው?»

«እትዬ፣ ከመዝገብ የወጣ ቁጥር እኮ ነው።»

«መዝገቡን ዝናብ አይመታውማ!»

ነገሩ ሲከነክነው አደረ። ሰኞ ማለዳ እህቱ የምትሳፈርበት ፌርማታ ላይ ሄዶ ቆመ። የአሥራ ሁለት ተኩሉ አውቶብስ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ እያቃሰተ ብቅ አለ።

«እኔ ከዴፖው በር በሰዓቱ ነው የወጣሁት» አለ ሹፌሩ። «አንቆ የሚይዘን ገበያው ነው።»

ያኔ ገባው። መዝገቡ የሚያውቀው ከበር መውጣትን እንጂ መድረስን አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ ሰዓቱን እያየ ለካ፤ የዘጠኝ ቁጥር ውጤት አርባ አንድ ከመቶ ሆነ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ወረቀቱን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ይኼን ይዤ ቦርድ ፊት ልቁም? ልታዋርደኝ ነው?»

«ጌታዬ፣ ከበር መውጣቱንማ ዘበኛውም ይቆጥረዋል። ሰው የሚጠብቀን ፌርማታ ላይ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ሪፖርቱ እስኪቀርብ ሦስት ወር አለህ፤ አስተካክለው» አሉት።

ከገበያው ማዶ ያለውን የከተማውን ውኃ ክፍል ግቢ ለምኖ፣ ሦስት የዘጠኝ ቁጥር አውቶብሶች እዚያ አድረው ጠዋት ገበያውን ሳያቋርጡ ሥራ እንዲጀምሩ አደረገ። ሹፌሮቹ «በማለዳ እዚያ ድረስ በእግራችን ልንሄድ ነው?» ብለው አጉረመረሙ፤ የጥገና ክፍሉን ሚኒባስ አስመደበላቸው። መጀመሪያ ሳምንት ሚኒባሱ ራሱ ዘገየና አሳቀቀው። ቀስ በቀስ ግን ነገሩ መስመር ያዘ፤ በሦስተኛው ወር ውጤቱ ሰማንያ ሦስት ከመቶ ደረሰ።

ሪፖርቱ ሲቀርብ ለአርባዎቹ አውቶብሶች አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «ዘጠኝ ቁጥር፦ ከአርባ አንድ ወደ ሰማንያ ሦስት» ሲባል ያጨበጨቡት ከኋላ የተቀመጡት የመስመሩ ሹፌሮች ብቻ ነበሩ። አንዱማ ቆሞ አፏጨ። ኃላፊው አንገቱን ደፋ፤ ግን ደስ ብሎታል።

ሲወጡ ሥራ አስኪያጁ ደረጃው ላይ ያዙት።

«አሥራ አራት ቁጥርስ?»

«እሱን ገና አልለካሁትም።»

«ሰኞ እንለካዋለን። ስንት ሰዓት ልምጣ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጌታዬ። ጃንጥላ ይያዙ።»