የማያጨሰው ሞተር

ሞተረኛው በማተሚያ ቤቱ ጄኔሬተር የሚኮራው በልጁ ከሚኮራው አይተናነስም ነበር። «የኔ ሞተር ይተነፍሳል እንጂ አያጨስም» ይላል፤ ሰሚ ቢያጣ ለራሱ ይደግመዋል። እውነትም የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ቆሞ ላየው ሰው ከሙቀት በቀር የሚታይ ነገር የለም። ቱቦውን ከማተሚያ ቤቱ ፎቅ ላይ ካለው የቤተሰቡ መኖሪያ መስኮት ሥር ሲያሳልፈው ደንታ ያልሰጠው ለዚህ ነው። እንዲያውም ግድግዳው ስለሚሞቅ የልጅ አልጋ የሚዘረጋው እዚያው ነው። አሁን የስምንት ወር የልጅ ልጁ ትተኛበታለች።

ኮሌጅ የምታስተምረው ልጁ፣ የሕፃኗ እናት፣ የናፍጣ ጭስ የሚያጠምድ ሳጥን ሠርታ መጣች። የሦስት አሮጌ አውቶቡሶችን ጭስ ለክታበት ነበርና ማነጻጸሪያ የሚሆን ንጹሕ ሞተር ፈለገች። ከአባቷ ሞተር በላይ ማንን ታምናለች?

«በምኑ ነው የሚይዘው?» አላት፣ ቱቦው ላይ እየገጠሙት።

«መሀል ያለው ሽቦ ብናኙን ኤሌክትሪክ ያስይዘዋል። ከዚያ ሄዶ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ቆርቆሮዎች ላይ ይለጠፋል፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ዛሬ ጦሙን ይውላል።»

ተሳሳቁ። ጠዋት ያስነሡትን ሞተር ያጠፉት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሳጥኑ እስኪበርድ ጠበቁ፤ እሷ ኤሌክትሪኩን ነቀለች፤ እሱ «ቆይ እኔ ላሳይሽ» ብሎ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ሳበ።

ከላይ እስከ ታች ለስላሳ ጥላሸት ለብሷል። በጣቱ ሲነካው እየተገመሰ ጫማው ላይ ወደቀ። ሁለተኛውን መዘዘ፤ ሦስተኛውን መዘዘ። ሁሉም ያው ነው።

«የአውቶቡሶቹ ነው፤ አላጠብሽውም» አለ። ድምፁ የራሱ አይመስልም።

«ትናንት በሳሙና ያጠብነው እኔና አንተ ነን።»

«ጭስ አይታይም ነበር እኮ።»

«ደቃቅ ስለሆነ ነው፣ ዓይን አያየው...» ብላ ሳትጨርስ ቀና አለች። መስኮቱ ገርበብ ብሏል፤ ለሕፃኗ አየር ይግባላት ብሎ የከፈተው እሱ ነው። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

ዛሬስ ሳጥኑ ይዞታል። የትናንቱን ማን ያዘው? ያለፈውን ወርስ? ልጁ ራሷም እስከ ሰባት ዓመቷ እዚያው አልጋ ላይ ነው ያደገችው። ሳሏ በጠናባት ቁጥር «የእናትሽ ዘር ደረቱ ደካማ ነው» እያለ ሚስቱን ስንት ጊዜ አሸማቅቋታል። ክው አለ። ሞተሩ የተተከለበት ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አለ።

ልጁ ሕፃኗን በፎጣ ጠቅልላ ወረደች። ሕፃኗ አያቷን ስታይ እንደ ልማዷ እየሳቀች ተንጠራራችለት። እሱም ተነሥቶ ሁለት እጁን ዘረጋ።

እናትየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። የምታየው ፊቱን ሳይሆን እጆቹን ነበር። እሱም ዝቅ ብሎ አያቸው፤ እስከ አንጓቸው ጠቁረዋል።

«አትስጪኝ» አላት።