ለቢጫዋ መኪና የተላኩ ሽማግሌዎች

ቢጫዋ መኪና ሽማግሌ ካልተላከላት እንደማትሸጥ ተናገረች።

የተናገረችው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ገርጂ ውስጥ ባለ ያገለገሉ መኪናዎች መሸጫ ግቢ፣ ውብእሸት እጁን ከመሪዋ ላይ ሳያነሳ ነው። ድምጿ የመጣው ከዳሽቦርዱ በኩል ነበር፤ ባንክ ቤት መስኮት ላይ ብዙ ዓመት የሠራች ሴት ድምፅ፣ የረጋ፣ የማይቸኩል። ውብእሸት ቀና ብሎ ደላላውን አየው። ደላላው ናሆም በመስኮቱ አጎንብሶ መፋቂያውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አንዳንዶቹ እንዲህ ናቸው» አለ። «የጨዋ ቤት ልጅ ናታ። ዶክተር ነው የያዛት፣ ለዚያውም ሴት ዶክተር። ከቤት ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ቤት፤ ሌላ መንገድ አታውቅም።»

«ብሩን ይዤ ብመጣስ?»

«ብሩማ ለሻጭ ነው ወንድሜ። እሷ የምትለው ሌላ ነው።»

ውብእሸት ነገሩን አሰበበት፤ ያን ያህል አላስደነቀውም። መኪና መፈለግ ከጀመረ ወዲህ ከዚህ የባሰ ብዙ ሰምቷል። ከሳምንት በፊት አንዱ ደላላ «ሞተሯ እንደ ሰዓት ነው» ብሎ ያሳየው መኪና ኮፈኗ ሲከፈት ሞተር አልነበራትም፤ ደላላውም ቢሆን ለመገረም ጊዜ አላጠፋም።

ውብእሸት አርባ አራት ዓመቱ ነው። መነፅር ቤት ውስጥ የሰው ዓይን ይለካል። «የቱ ይሻላል፤ ይሄ ወይስ ይሄ?» እያለ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያስመርጥ ይውላል፤ እሱ ግን በሕይወቱ አንድም ነገር መርጦ አያውቅም። የተማረውን ትምህርት አባቱ መረጡለት፤ ሥራውን አጎቱ፤ ሸሚዙን እስከ ዛሬ ድረስ እናቱ ወይዘሮ አልጋነሽ ይመርጡለታል። ሚስትም ሊመርጡለት ነበር፤ ዘመዶቹ እርስ በርሳቸው መስማማት ስላቃታቸው ሳያገባ ቀረ። ስለዚህ መኪና ሊገዛ ሲነሳ ለራሱ ማለ። ይቺን እንኳን እኔው ራሴ እመርጣለሁ አለ።

የሚፈልገው ቀላል ነገር ነው። ትንሽ መኪና፣ ጠባብ ቦታ ላይ የምትቆም። አውቶማቲክ፣ ምክንያቱም መገናኛ ላይ መንገድ ተዘግቶ ፍሪሲዮን ሲረግጥ የዋለ ግራ እግር ማታ ለጌታው አይታዘዝም። ደግሞም ደስ የምትል። ይህን የመጨረሻውን ለማንም አልተናገረም፤ በዚህ ከተማ ሰው መኪና የሚገዛው ለራሱ ሳይሆን ከእሱ ቀጥሎ ለሚገዛው ሰው ነውና። አጎቱ «ነጭ ግዛ፤ ስትሸጣት ዋጋ አትጥልብህም» አሉት። የሥራ ባልደረባው «ከፍ ያለች ትሁን፤ የሚቀጥለው ሰው ከፍ ያለ ነው የሚፈልገው» አለው። እናቱ ብርማ ይሻላል ባይ ናቸው፤ ለምን ቢባሉ የጎረቤታቸው ልጅ ብርማውን ሲሸጥ ወዲያው ነው የተነሳለት። ያንን ገና ያልመጣ ገዢ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ይጠነቀቅለታል። ውብእሸት ምን ደስ እንደሚለው ግን የጠየቀ የለም።

ቢጫዋ ደግሞ የአስኳል ቢጫ ናት፤ ያ የሚቀጥለው ሰው ቢያያት ፊቱን አዙሮ የሚሄድባት። ለሙከራ ሲያወጣት «ቀበቶህን እሰር» አለችው። አደባባዩ ላይ ወገቧን ሰበቅ አድርጋ ዞረች፤ ዞራ ስታበቃ ማንም ሳይጠይቃት ደገመችው። ውብእሸት ሳቀ። ማን እንደሳቀ ለማየት ወደ ኋላ ዞር ቢል ናሆም ስልክ እያወራ ነው። ያኔ የሳቀው ራሱ መሆኑ ገባው። ወደዳት፤ ሌላ ስም የለውም።

ቤቱ ሄዶ ነገሩን ለእናቱ ነገራቸው። ወይዘሮ አልጋነሽ «ሽማግሌ ልላክልህ» እያሉ ያረጁ ሴት ናቸው። ወዲያው መጠየቅ ጀመሩ።

«ዘሯ ከየት ነው?»

«ከጃፓን።»

«ጥሩ፤ ሩቅ ነው። ዝምድና አይገኝብንም።» ይህ አሳስቧቸው ኖሮ ተነፈስ አሉ። «ከዚህ በፊት ሰው ይዟታል?»

«አንድ ዶክተር ይዛት ነበር።»

«ምን ይደረጋል፤ አንተስ ልጅ ነህ እንዴ። መልኳስ?»

«ቢጫ ናት እማዬ።»

ወይዘሮ አልጋነሽ ፊታቸው ጠቆር አለ። «ይሁን» አሉ በመጨረሻ፤ «ከመልክ ፀባይ ይበልጣል።»

በሰፈሩ ሽማግሌ ከተባለ ጋሽ ዘለቀ ናቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ ሲሆኑ በሽምግልና ዘመናቸው አንድም ቀን እሺታ ሳይዙ ተመልሰው አያውቁም። እምቢ ያለ አባት አለስልሰዋል፤ የተኳረፈ ወንድማማች አስታርቀዋል። አንድ ጊዜማ ባል ያላትን ሴት ለሌላ ሰው አስፈቅደው፣ ስህተቱ የታወቀው ድንኳን ከፈረሰ በኋላ ነው ይባላል። እሺ ሳይባል የተመለሰ ሽማግሌ ሁለተኛ እንደማይላክ ጠንቅቀው ያውቃሉ። የሚፈሩትም በዓለም ላይ ይህንኑ ብቻ ነው።

እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ጋሽ ዘለቀ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ገርጂ ሄዱ። ልጅ በገዛ ሽምግልናው ላይ አይቆምምና ውብእሸት መንገድ ማዶ ጭማቂ ቤት ተቀምጦ ጠበቀ። በግቢው በር በኩል ይታዩታል። በመኪናዋ ወገን ጎማዎቹ የተነፈሱ አንድ አሮጌ የጭነት መኪናና ሥራ ያቆመ አምቡላንስ ቆመዋል፤ አጎትና አክስት መሆናቸው ነው። ሽማግሌዎቹ ጉዳያቸው ሳይሰማ እንደማይቀመጡ ተናግረው ፀሐይ ላይ ቆሙ። ብዙ ከቆሙ በኋላ የጭነት መኪናው መብራቱን አብርቶ አጠፋ፤ ሦስቱም የተደረደሩ ጎማዎች ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ውብእሸት የሚሰማው አንድ ቃል ብቻ ነበር። «ይሁን» ይላሉ ጋሽ ዘለቀ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ይሁን»። የጭማቂው ብርጭቆ እስኪያልቅ «ይሁን» አላለቀም።

ጋሽ ዘለቀ ላባቸውን እየጠረጉ ወጡ፤ ፊታቸው በርቷል።

«እንኳን ደስ ያለህ ውቤ። እሺ ብላለች።»

«በምን ተስማማችሁ ጋሼ?»

«ወጉ ነው እንጂ ምን አለ ብለህ ነው። ለሰው እንዳያውሰኝ አለች፤ ይሁን አልን። ለሚቀጥለው ሰው ብሎ እንዳይዘኝ፣ እስከ መጨረሻው ነው አለች፤ አስተዋይ ናት፣ ይሁን አልን። መሪውን እኔ ልያዝ አለች፤ ይሁን አልን።»

«መሪውን?»

«አውቶማቲክ ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?» ጋሽ ዘለቀ ጋቢያቸውን አራገፉ። «አንዲት ነገር ብቻ አስቸግራን ነበር። በወጉ ሴቷ ናት ወደ ወንዱ ቤት የምትገባው። የእናንተ በር ግን ጠባብ ነው፣ አያስገባኝም፣ እሱ ይምጣ አለች። እኔም ሳስበው እውነቷን ነው። ይሁን አልን።»

«የት ነው የምመጣው?»

«ወደ እሷ ነዋ። እሷ ውስጥ።»

ውብእሸት አፉን ከፈተ። ጋሽ ዘለቀን አያቸው፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው፣ ለእሱ ሲሉ ያን ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆመዋል፣ ንጹሑን ጋቢያቸውን የጎማ ጥቁር ነክቶታል። እንዲህ ለደከመ ሰው እምቢ ይባላል እንዴ? ልቡ ግን ደንግጧል፤ እሱ ሊገዛ ነው የመጣው እንጂ ሊሄድ አልነበረም።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለ።

በማግስቱ ከሥራ ወጥቶ ናሆም ዘንድ ሄደ። ነገሩ ቢቀርስ ሲል እንደ ቀልድ ጠየቀው።

«ሽማግሌ የጨረሰውን?» ናሆም መፋቂያውን ከአፉ አወጣ፤ ይህን የሚያደርገው ሲያዝን ብቻ ነው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ወንድሜ። ደግሞ ምን ጎደለህ? ደረቅ ናት፣ ሞቃት ናት፣ ሬዲዮ አላት። ስንት ሰው የሚተኛበት አጥቶ!»

ውብእሸት ቢጫዋን ከሩቅ አያት። ፍሬቻዋን ብልጭ አደረገችለት። አሁንም ታስቀዋለች፣ ክፋቱ ይሄ ነው።

በተቀጠረው እሁድ ጠዋት ራሷ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ ክላክሷን በአጭሩ ነካች። ወይዘሮ አልጋነሽ ሴት ልጅ እንደምትድር እናት ሲያለቅሱ አድረዋል። ሸሚዞቹን ተኩሰው በሻንጣ ጨመሩለት፤ የትኛውን በየትኛው ቀን እንደሚለብስ ነገሩት። ጎረቤት ወጥቶ እልል አለ። ጋሽ ዘለቀ እጃቸውን ዘርግተው «ውለዱ» ብለው ጀመሩና ቆም አሉ፤ መኪናዋን አዩ፣ ውብእሸትን አዩ። «ክበዱ» ብቻ ብለው ጨረሱ። ሁሉም አሜን አለ።

የፊተኛው በር አልከፈት አለው። የኋለኛው ራሱ ተከፈተ። ውብእሸት ገብቶ ሻንጣውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ ቀበቶው መጥቶ አሰረው። ከሰፈር እንደወጡ መኪናዋ ዝግ አለች።

«ወዴት እንሂድ?» አለችው።

ውብእሸትን ይህን ጥያቄ ከተወለደ ጀምሮ ማንም ጠይቆት አያውቅም። መልሱ ግን ነበረው፤ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ይዞት የኖረው። ያለ አንዳች ጉዳይ እንጦጦ መውጣት፣ እዚያ ላይ ጥቂት ቆሞ ከተማውን ማየት፣ ከዚያ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቶ ቁልቁለቱን መውረድ። አረፍተ ነገሩ ተሠርቶ ያለቀ፣ ምላሱ ላይ የተቀመጠ ነበር። ቢናገረው ትወስደው ነበር። መኪናዋ ብዙ ነገር ልትባል ትችላለች፣ ውሸታም ግን አይደለችም፤ ጥያቄዋ ጥያቄ ነበር።

ነገር ግን የኛ ሰው ሲጠየቅ መጀመሪያ አይ ይላል። ርቦት እንኳ ብላ ሲባል በልቻለሁ ይላል፤ ሁለተኛ እስኪባል ይጠብቃል። ሁለተኛ ይባላልም። በሞቴ ይባላል፣ እጁ ይያዛል፣ ጉርሻ ይሰጠዋል፤ እንዲህ ነው ያደግነው። በአንድ ጥያቄ የፈለገውን የሚናገር ሰው ስግብግብ ነው።

«አንቺ እንዳልሽ» አለ ውብእሸት በትሕትና፤ ደግማ እንድትጠይቀውም ጠበቀ።

«እሺ» አለች፤ መሪውንም አዞረች።

ሩቅ አገር የተሠራች መሆኗን ያን ጊዜ አስታወሰ። ምናልባት እስኪ መንገዱ ገላጣ ይሁን ብላ ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና። መገናኛን አለፉ፤ አልጠየቀችም። ቦሌ መንገድ ገቡ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሰውነቱን አመቻቸ፣ ለመጠየቅ የተዘጋጀ ሰው መሆኑ በመስታወት ይታያት ዘንድ ፈገግ አለ። ሬዲዮውን ከፈተችለት። ለራሱ አዘነ፤ ማዘኑን እንዳታይበት ደግሞ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ቀይ መብራት ላይ ቆሙ። ከጎናቸው አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መኪና ቆማለች። መሪዋ ላይ ሰው የለም። ከኋላ ወንበር ነጠላ የለበሰች ጠይም ሴት ተቀምጣ ጭኗ ላይ ባስቀመጠችው ሳህን ሽንኩርት ትልጣለች። መስኮቷ ወረደ፤ የውብእሸትም ወረደ።

«አዲስ ነህ?» አለችው።

«ዛሬ ነው የወጣሁት።»

ሴትዮዋ ቢላዋዋን አቆመች። ዝቅ ባለ ድምፅ «ደግማ ጠየቀችህ?» አለች።

«አልጠየቀችኝም።»

«እኔንም እንደዚያው» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ውብእሸት ወደ ፊት አየ። እስከ መስቀል አደባባይ ድረስ የተሰለፉት ሁሉ ትንንሽ መኪናዎች ናቸው፤ አረንጓዴ፣ ብርቱካንማ፣ ቀይ፣ የሚቀጥለው ሰው የማይፈልጋቸው ቀለሞች ሁሉ። በእያንዳንዷ የኋላ ወንበር አንድ አንድ ሰው በደንብ ለብሶ፣ ቀበቶ ታስሮ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። የሁሉም አፍ በትንሹ ተከፍቷል፤ መልስ ሊሰጥ እንዳለ ሰው። አረንጓዴው በራ፤ ሰው የሌለባቸው መሪዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ ግራ ዞሩ።